ድምፅ የሌለው ፍራሽ

ዘይኑዲንን ሊቀሰቅስ የሄደው ደሬሳ ነበር። ፀሐይ ከአሸዋው ጀርባ ብቅ ብላለች፤ የበረሃው ብርድ ግን ገና አልለቀቀም። ትንሿ ድንኳን ከላይ እስከ ታች በዚፕ ተዘግታለች። ሁለት ጊዜ ተጣራ፤ መልስ የለም። ዚፑን ሲከፍት የታመቀ የከሰል ሽታ ፊቱን መታው። ዘይኑዲን በጀርባው ተንጋሎ ተኝቷል፤ ከራስጌው አመድ የለበሰ የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል። ደሬሳ በሳዑዲዋ ኮበር ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ሠራተኛ ነውና የደም ሥር መዳሰስ አይቸግረውም። ዳሰሰ። የነካው ገላ ቀዝቅዞ ነበር።

«ኑ! ኑ ቶሎ!» ብሎ ጮኸ።

ከደማም የመጣውን የፖሊስ ቡድን የሚመራው ሻምበል ሙሕሲን ነበር። አብራው የመጣችው ጥቁር አባያ የለበሰች መነጽራም ሴት ኑርሀያት ትባላለች። ባሏን ተከትላ ወደዚህ አገር ከመምጣቷ በፊት በደሴ ፖሊስ የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ አሁን የሐበሻ ጉዳይ ሲኖር በአስተርጓሚነት ትጠራለች። ሻምበሉ ከምላሷ ይልቅ ዓይኗን እንደሚፈልግ ግን ባልደረቦቹ ሁሉ ያውቃሉ።

«ብርድ በገባ ቁጥር የምናየው አደጋ ነው» አላት ሻምበሉ በዐረብኛ። «በረደው፣ ከሰል አስገባ፣ ዘግቶ ተኛ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ኑርሀያት ድንኳኑ በር ላይ ተንበርክካ ውስጡን ቀስ ብላ ታያለች። ከሟቹ የጃኬት ኪስ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ወጣ። ከሥሩ ግራጫ፣ በአየር የሚነፋ ስስ ፍራሽ ተነጥፏል፤ መንገደኛ ጠቅልሎ በጀርባ ቦርሳው የሚይዘው ዓይነት ነው። ከቦርሳው ጎን ደግሞ በጎማ የታሰረ ቀላል ከረጢት ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» ስትል የፖሊሱን ባለሙያ ጠየቀችው።

«አየር አፍሶ ወደ ፍራሹ መግፊያ ነው። በአፍ ከመንፋት ያድናል።»

«ታጥፎ፣ ታስሮ ነው ያለው። ፍራሹ ግን ተነፍቷል። እስቲ አየሩን አስወጣልኝ።»

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ባለሙያው የፍራሹን መክፈቻ ፈትቶ ከግርጌው እየጠቀለለ መጣ። አየሩ ሲያልቅ ጥቂት ጠብታዎች ጓንቱ ላይ ፈሰሱ።

«የትንፋሽ እርጥበት ነው» አለ። «በአፍ ሲነፋ እንዲህ ውስጡ ይቀራል። በከረጢቱ ቢነፋ ኖሮ የዚህ በረሃ ደረቅ አየር እንዲህ ያለ እርጥበት አይተውም።»

ኑርሀያት የአስሙን መድኃኒት አየች፤ የታሰረውን ከረጢት አየች። ከዚያ ወደ ሻምበሉ ዞረች።

«አብረውት ያደሩት የሦስቱም ጓደኞቹ ዕቃ ይያዝ። አንድም ነገር ይዘው እንዳይሄዱ።»

ጣቢያ ሲደርሱ መጀመሪያ የገባው ኢክሪማ ነበር። የአንድ ቤተሰብ ሹፌር፣ ግዙፍና ድምፀ ጎርናና ሰው ነው።

«ማንደጃው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ወላሂ ግን እኔ አላስገባሁትም፣ እትዬ! ውጭ ትቼው ነው የተኛሁት።»

«ከዘይኑዲን ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ይሄ ጠብ ይባላል? እሳቱን ወደ ድንኳኖቹ ሳስጠጋው ጮኸብኝ። ‹ጭሱ ደረቴን ይዘጋኛል፣ አርቀው› አለ። እኔም በረሃ መጥተህ እሳት ትፈራለህ ብዬ ተቆጣሁ። ሌላ ሙሽኪላ የለም።»

«መቼ ተኛ?»

«ሻይ እንደጠጣን እዚያው ቁጭ እንዳለ አሸለበው። ቀኑን ሲጓዝ ስለዋለ ደክሞት ነው አልን። እኔና ፋሩቅ ተሸክመን አስገባነው። ክብደቱ...» ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሻዩን ማን አፈላው?»

«እኔ።»

«ማን ቀዳው?»

«ፋሩቅ።»

ፋሩቅ አል ሙሐመዲያ ሰፈር የሚኖር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ገብቶ ሲቀመጥ ልብሱን አስተካከለ፤ የሚናገረውም በዝግታ ነበር።

«እኔና ዘይኑዲን የአብሃን ተራሮች በእግር ልንሄድ እየተለማመድን ነበር። ትናንትም እነ ኢክሪማ በመኪና ቀድመውን፣ እኛ ዕቃችንን በጀርባችን ተሸክመን ነው የደረስነው። ለዚህ ነው ስለ ክብደት አብዝቶ የሚጨነቀው። ፍራሽ ስንገዛ የሚሞቀው እያለ ቀላሉን መረጠ። ከመሬቱ ብርድ አያድንህም ብለው አልሰማኝም። በርዶት ተነሥቶ ከሰሉን አስገብቶ ይሆናል። አላህ ይማረው።»

«አንተስ የትኛውን ገዛህ?»

«የሚሞቀውን።»

«መልካቸው ግን አንድ ነው።»

«የአንድ ፋብሪካ ሥራ ነው። ሲታዩ አይለዩም።»

«በደንብ ታውቃቸዋለህ» አለች ኑርሀያት።

በማግስቱ የደም ምርመራው ውጤት መጣ። የገደለው የከሰሉ ጋዝ ነው፤ ነገር ግን ደሙ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቷል። ሻምበሉ ጠረጴዛውን መታ።

«መድኃኒት ቤት የሚሠራው ከእጃችን ነው! ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።»

ደሬሳ ተጠርቶ ገባ። ተኝቶ እንደነበር ተናገረ፤ ወዲያው ደግሞ አልተኛሁም አለ። ሻምበሉ አፈጠጠበት። ኑርሀያት ወንበሯን ወደ ደሬሳ አስጠጋችና በአማርኛ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ነቅተህ ምን ታደርግ ነበር?»

ደሬሳ የአንገቱን ማተብ ወደ ሸሚዙ ውስጥ ገፋ። ዓይኑ ወደ ሻምበሉ ሄዶ ተመለሰ።

«የምትጸልየውን አልጠየቅሁህም፣ ወንድሜ። የሰማኸውን ብቻ ንገረኝ።»

ትከሻው ረገበ። «ከፋሩቅ ድንኳን መንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር። በተገላበጠ ቁጥር እንደ ላስቲክ። ችፕስ እየበላ መስሎኝ በሆዴ ስቄበታለሁ።»

«ከዘይኑዲን ድንኳንስ?»

«ምንም። አንድ ጊዜ ብቻ ዚፕ ሲሳብ ሰማሁ። ተነሥቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።» እንባው መጣ። «ብወጣ ኖሮ...»

«እሱን አሁን ተወው» አለችው።

አል መዝሩዒያ ሰፈር የሚገኘው የዘይኑዲን ቤት በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሚስቱ ሰልሰቢል ኑርሀያትን ወደ ማድ ቤት ይዛት ገባች። ዓይኗ አብጧል፤ ቃሏ ግን የጠራ ነበር።

«ፍራሹን ሲመርጥ ታስታውሻለሽ?» ስትል ኑርሀያት ጠየቀቻት።

«እንዴት እረሳለሁ፣ እትዬ? ከፋሩቅ ጋር ሁለት ዓይነት ገዝተው መጡ። ዘይኑ ኤሲውን እስከ መጨረሻ አቀዝቅዞ ሳሎን ሴራሚኩ ላይ እየተፈራረቀ ተኛባቸው። አንዱ በጣም ቀላል ነው፤ ግን ጀርባዬን በረደኝ አለ። ሌላው በውስጡ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን አለው፣ የገላን ሙቀት ይመልሳል። እሱ ትንሽ ይከብዳል፤ ደግሞ ሲገላበጡበት ይንኮሻኮሻል። ልጄ ‹አባባ ችፕስ ላይ ተኛ› እያለች ስትስቅ ነበር።»

«የትኛውን ያዘ?»

«የሚሞቀውን ነዋ! ‹ሌላ ዕቃ እቀንሳለሁ እንጂ ሙቀት አልቀንስም። ቢበርደኝ እሳት አላስገባ፣ አስም አለብኝ› አለ። ፋሩቅ ደግሞ በዚህ ድምፅ እንቅልፍ አይወስደኝም ብሎ ያንን ቀላሉን ወሰደ።»

ኑርሀያት መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። «ከመሄዱ በፊት ምን አለሽ?»

ሰልሰቢል በሩን መለስ አደረገችው። «‹ከመካከላችን አንዱ እዚያ በራሱ አፍ የሚናገረው ነገር አለ። ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ማነው ስለው፣ ‹መጀመሪያ ዕድሉን ልስጠው› ብሎ ዘጋኝ። የሁመይራን ጉዳይ እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው።»

ሁመይራ የዘይኑዲን ታናሽ እህት ናት። አል ጀለዊያ በሰው ቤት ስትሠራ ማዳሟ ብትደበድባት ጠፍታ ወጣች፤ ካፊሉ፣ ማለትም አስመጪ አሠሪዋም ሁሩብ አስደረገባት፤ ጠፍታለች ብሎ ለመንግሥት አስመዘገበ። ወንድሟ አንድ ክፍል ተከራይቶ ደበቃት። ሕጋዊ መንገድ ሲያፈላልግላት ካፊሉ ከፖሊስ ጋር በቀጥታ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ተይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ አሁን ያለችው ከሚሴ፣ እናቷ ቤት ነው። ኑርሀያት በሰልሰቢል ስልክ ደወለችላት።

«የተደበቅሽበትን ማን ያውቅ ነበር?»

«ወንድሜ... ምግብ የሚያመጣልኝ ፋሩቅም። ሌላ ሰው የለም።»

«ፋሩቅ ጠይቆሽ የነበረ ነገር አለ?»

ከሁመይራ በኩል በር ሲዘጋ ተሰማ።

«እንዳገባው ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት። ብዙም ሳይቆይ ያዙኝ። ካፊሉን የመራው ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ዘይኑ ግን ሰሞኑን የካፊሉን ሹፌር አግኝቼዋለሁ ብሎኝ ነበር። ለምን ነው የሚጠይቁኝ?»

«እነግርሻለሁ» አለችና ኑርሀያት ስልኩን መለሰች።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲቀንስ ሦስቱ ጓደኛሞች በዚያው ሳሎን ተቀመጡ። ሻምበል ሙሕሲን በሩ አጠገብ ቆሟል። ባለሙያው ሁለቱን ግራጫ ፍራሾች በከረጢቱ ነፍቶ ሴራሚኩ ላይ ዘረጋቸው፤ አንዱ ከሟቹ ሥር፣ ሌላው ከፋሩቅ ድንኳን የተያዘ ነው። ኑርሀያት ሰልሰቢልን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እንድትቀመጥ ለመነቻት።

«የምትሰሚውን ብቻ ንገሪን።»

ባለሙያው የመጀመሪያው ላይ ተጋድሞ ተገላበጠ። ክፍሉ ውስጥ ምንም አልተሰማም።

«ይሄ የፋሩቅ ነው» አለች ሰልሰቢል።

ሁለተኛው ላይ ሲጋደም ላስቲክ የሚጨማደድ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ሰልሰቢል ለመዞር አልጠበቀችም፤ ግድግዳውን ይዛ ጮኸች።

«የዘይኑ ነው! የኔ ባል ፍራሽ ነው! ከየት አገኛችሁት?»

«ከፋሩቅ ድንኳን» አለች ኑርሀያት። ቀጥሎ የምትለውን በሁለቱም ቋንቋ እየደጋገመች ተናገረች። «ዘይኑዲን አስም ነበረበት። ያን የሚያህል ፍራሽ በአፉ አይነፋም፤ ለዚያ ነው ከረጢቱን የገዛው። ከረጢቱ ግን ታስሮ ተገኘ፤ ከሥሩ የነበረው ፍራሽም በሰው ትንፋሽ ተነፍቶ ነበር። ስለዚህ የነፋው ሌላ ሰው ነው።»

«ረድቼው ቢሆንስ?» አለ ፋሩቅ።

«ብትረዳው የራሱን ትነፋለህ። ከሥሩ የተገኘው ያንተ ነው።»

«ተለዋውጠን ነበር! ለአንድ ቀን እንሞክረው አለኝ...»

«ታዲያ ለምን ‹ቀላሉን መረጠ› አልከኝ? ለምን ‹እኔ የሚሞቀውን ገዛሁ› አልክ?»

ፋሩቅ እንደገና ልብሱን ማስተካከል ጀመረ።

«ከሰል ያስገባው ስለበረደው ነው እንድንል ፈለግህ። በሚሞቅ ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው በርዶት ሞተ ቢባል ማን ያምናል? ለዚህም ብርዱ የሚሰማበትን ፍራሽ ከሥሩ ማድረግ ነበረብህ። የእንቅልፍ መድኃኒቱን በሻዩ ሰጠኸው፤ ፓኮው ዛሬ ከክፍልህ ተገኝቷል። ቀድመህ ያንተን ፍራሽ በአፍህ ነፍተህ ድንኳኑ ውስጥ አነጠፍክ፤ አቅፈህ ስታስገባው ስላልነቃ ፍራሹ መለወጡን አላወቀም። ሁሉም ሲተኛ ማንደጃውን አስገብተህ ዚፑን ሳብህ። ደሬሳ ሰምቶታል። ከዚያም በሟቹ ፍራሽ ላይ ተኛህ፤ መንኮሻኮሹንም ሰምቷል።»

ኢክሪማ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ተነሣ። ደሬሳ በሁለት እጁ ወገቡን ይዞ አስቀረው።

«እኔ ነኝ የተሸከምኩት!» እያለ ያለቅሳል ኢክሪማ። «ከዚህ ሰው ጋር አብሬ ነው የተሸከምኩት!»

«ሁመይራን ለካፊሉ የጠቆምከው አንተ ነህ» አለች ኑርሀያት፣ ዓይኗን ከፋሩቅ ሳትነቅል። «ዘይኑዲን ከካፊሉ ሹፌር ሰምቶ ደረሰበት። በጓደኞችህ ፊት ራስህ እንድትናገር ነበር ወደ በረሃው የጠራህ።»

የፋሩቅ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ሐበሻው ሁሉ ይተፋብኝ ነበር! የት እገባ ነበር? በዚህ አገር ከእናንተ ሌላ ማን አለኝ?»

«እሱ ነበረህ» አለች ሰልሰቢል። ዞራ በቀጥታ እያየችው ነው። «ለኔ እንኳ ስምህን ደብቆልህ ነው የሄደው።»

ሻምበሉ እጁን በካቴና አሰረው። ፋሩቅ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ወደ ኑርሀያት ዞረ። «እንዳልተሠቃየ ንገሪያቸው» አላት። ኑርሀያት ያለውን ቃል በቃል ለሻምበሉ ተረጎመች።

ወንዶቹ ስለ ቀብሩ ለመነጋገር ሲወጡ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ።

«እውነቱን ነው? አልተሠቃየም?» አለች ሰልሰቢል።

«አልነቃም። ይህን ሐኪሙም ነግሮኛል።»

«አልሀምዱሊላህ።» ፊቷን በሻሿ ጠረገች። ስልኩ በእጇ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሁመይራ ስም ነበር የሚታየው። ኑርሀያት እጇን ዘረጋች። «ልናገርላት?»

«እኔ እናገራለሁ» ብላ ሰልሰቢል ስልኩን አነሣችና ሁሉንም ነገረቻት፤ ሳታስረዝም፣ ሳትደብቅ። ከወዲያ በኩል ለቅሶው ጋብ እስኪል ጠበቀች። የሁመይራ ድምፅ ሲመጣ ለኑርሀያትም ይሰማ ነበር።

«ወንድሜ የሞተው በኔ ምክንያት ነው?»

ሰልሰቢል ዓይኗን ጨፈነች።

«በፋሩቅ ምክንያት ነው» አለቻት። «ስሚኝ፣ ሁመይራ። በፋሩቅ ምክንያት ነው።»