ወለላና በር ላይ የሚቀሩት መምህር

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ጆሯችሁን ወዲህ አድርጉ፤ የአንዲት ልጅ ነገር አለኝ፣ እሱን ላጫውታችሁ።

ልጅቷ ወለላ ትባላለች። ደሴ ከተማ፣ ከመናኸሪያው በላይ፣ ጉም በሚበዛበት ሰፈር ትኖራለች።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ዱካ አለው።

እናቷ ወረኢሉ የሚባል አገር ናት። አያቷ ስለታመሙ ልታስታምማቸው ሄዳለች፤ እግዚአብሔር ምሕረቱን ሲያወርድ ትመለሳለች።

አባቷ ጎሚስታ ነው። የተነፈሰ የመኪና ጎማ ይጠግናል፣ ከዚያ ነፋስ ይሞላል፤ «ፍስስስስ…»

አባቷ ጠዋት ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ቀን ቀን ወለላን የሚያዩዋት አከራያቸው እትዬ ደብሪቱ ናቸው።

እትዬ ደብሪቱ ደግ ሴት ናቸው። ግን ሥራ አያልቅላቸውም፤ ሲያጥቡ፣ ሲለቅሙ፣ ሲጠርጉ ይውላሉ።

ወለላ ለሰፈሩ አዲስ ናት። ከበር ውጭ ልጆች ሲሮጡ ትሰማለች፤ ስሟን የሚጠራ ልጅ ግን የለም።

ስለዚህ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ቤቱ ጭጭ። ወለላም ጭጭ።

አንድ ቀን አባቷ አንድ ሽማግሌ ይዞላት መጣ። መምህር ይትባረክ ይባላሉ፤ በገና የሚያስተምሩ ሰው ናቸው።

በገናው ትልቅ ነው፣ ከወለላ ይበልጣል። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታዝሎ መጣ።

መምህር ይትባረክ የወለላን ጣት ያዙና አንዱ ክር ላይ አሳረፉት። «በይ፣ ሳቢና ልቀቂ» አሏት።

«ድምምምም…»

ድምፁ ከክሩ ወጥቶ ወለላ ሆድ ውስጥ ገባ። አንድ ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ቀስ እያለ የሚያወራት መሰላት።

ያን ቀን ቤቱ ጭጭ አላለም።

«መምህር፣ ደግሞ ይመጣሉ?» አለች ወለላ።

«እመጣለሁ እንጂ። ማክሰኞ እመጣለሁ» አሉ።

ማክሰኞ ደረሰ። ወለላ ፊቷን ታጠበች፣ ዱካውን ለመምህሩ አስተካከለች፣ ለራሷ ባዶ ጀሪካን ገልብጣ አስቀመጠች።

«ኳ ኳ ኳ» አለ የግቢው በር።

ወለላ ሮጠች። መምህር ይትባረክ በገናቸውን አዝለው ቆመዋል፤ አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ውጭ።

«ወለላዬ፣ ዛሬ አይመቸኝም። ማኅበርተኞች ጠርተውኛል። ለሐሙስ እናድርገው፣ እሺ?»

«እሺ መምህር፣ ምንም አይደለም» አለች ወለላ።

ሄዱ። ጫማቸው ጠጠሩ ላይ «ከሽ ከሽ ከሽ» አለ። ቤቱ ጭጭ። ወለላም ጭጭ።

ጊዜው ሁዳዴ ጾም ነበር። በሁዳዴ ሁሉም ሰው በገና መስማት ይፈልጋል፤ መምህር ይትባረክ ደግሞ ለማንም እምቢ ማለት አያውቁም።

ሐሙስ ደረሰ። ዱካው ተስተካከለ፣ ጀሪካኑ ተገለበጠ።

«ኳ ኳ ኳ» አለ በሩ። አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ውጭ።

«ወለላዬ፣ ዛሬ አይመቸኝም። የታመመ ሰው ቤት እንድደረድር ተጠርቻለሁ። ለቅዳሜ እናድርገው፣ እሺ?»

«እሺ መምህር፣ ምንም አይደለም።»

«ከሽ ከሽ ከሽ።» ቤቱ ጭጭ። ወለላም ጭጭ።

እትዬ ደብሪቱ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። «ሰውዬው ዛሬም ከበር ተመለሱ?» አሏት።

«ምንም አይደለም እትዬ።»

«ልጄ፣ እሳቸውን ከምትጠብቂ በቅሎ እስክትወልድ ብትጠብቂ ይሻልሻል።»

ወለላ በቅሎ እንደማትወልድ አታውቅም። «መቼ ነው የምትወልደው?» ብላ ጠየቀች።

«ለቅዳሜ እናድርገው ብላለች» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

ቅዳሜ አባቷ ገና ለሥራ ሳይወጣ በሩ ተንኳኳ። «ኳ ኳ ኳ።» አንድ እግር ውስጥ፣ አንድ እግር ውጭ።

«ዛሬም አይመቸኝም፤ አፈርኩ መቼም» አሉ መምህር ይትባረክ።

«ኧረ ምንም አይደል መምህር» አለ አባቷ። «ልጅ ናት፣ ትጠብቃለች። እርስዎ ብቻ ሥራዎ እንዳይጓደል።»

ወለላ ቀና ብላ አባቷን አየችው። መምህሩ ሲሄዱ፣ «አባዬ፣ ለምን እንደሱ አልክ?» አለችው።

«ትልቅ ሰው ፊት ከፋኝ አይባልም፣ የኔ ልጅ። ምንም አይደለም ማለት ጨዋነት ነው።»

ወለላ ጨዋ ልጅ ናት። ለሰኞ ሲሏትም፣ ለረቡዕ ሲሏትም፣ «እሺ መምህር፣ ምንም አይደለም» አለች።

አንድ ቀን አልጋው እግር ላይ ሲባጎ አስራ ወጠረች። ሳበችና ለቀቀችው።

«ጥብ» አለ ብቻ። ሆዷ ውስጥ አልገባም።

መሸ። አባቷ ገና አልገባም።

ወለላ እናቷ እንዳስተማረቻት ተነሥታ ቆመች። «አባታችን ሆይ»ን እስከ መጨረሻው አለች፤ ከዚያ የራሷን ጨመረች።

«እግዚአብሔር ሆይ፣ መምህሩ አልመጡም። እማዬም አልመጣችም። አባዬም አልመጣም። ከፍቶኛል።»

ይህን ብላ ደነገጠች። ለእግዚአብሔር ምንም አይደለም አላለችውም፤ ያለውን እንዳለ ነው የነገረችው።

እሱም አልተቆጣትም። ከትልቅ ሰው ሁሉ ትልቁ ደግሞ እሱ ነው።

በማግስቱ ጉሙ ግቢውን ሞልቶት ነበር። «ኳ ኳ ኳ» አለ በሩ።

አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ውጭ። «ወለላዬ፣ ዛሬ አይመቸኝም። ለዓርብ እናድርገው፣ እሺ?»

ወለላ አፏን ከፈተች። «እሺ» ልትል ነበር፤ አልወጣላትም።

«መምህር» አለች በቀጭን ድምፅ። «ይከፋኛል።»

«ምን አልሽ?»

«ሲቀሩ ይከፋኛል። ጠዋት ተነሥቼ ነው የምጠብቅዎት፤ ሲሄዱ ማንም የለም።»

በገናው ከመምህር ይትባረክ ጀርባ ላይ ሸርተት አለና በእጃቸው ያዙት።

«እኔ እኮ…» አሉ። «ምንም አይደለም ስትዪኝ እውነት መሰለኝ። ሌላው ሁሉ ይቆጣኛል፤ አንቺ አትቆጪም። ስለዚህ ሁልጊዜ የማዘገየው ያንቺን ሆነ።»

«እውነት አልነበረም» አለች ወለላ። «ጨዋነት ነበር።»

እትዬ ደብሪቱ ልብስ እያሰጡ ይሰሙ ነበር። «እንግዲህ መልስ ካለዎት ይስጡ፣ መምህር» አሉ።

«ሰዎች እየጠበቁኝ ነው፣ እትዬ ደብሪቱ።»

«እሷስ ሰው አይደለችም?»

መምህር ይትባረክ ውጭ የነበረውን እግራቸውን አዩት። ከዚያ አንሥተው ወደ ውስጥ አስገቡት።

ስልካቸውን አወጡ። «ሄሎ፣ እኔ ነኝ። ዛሬ እዘገያለሁ፤ ተማሪዬ ጋ ነኝ» አሉ።

ስልኩ ውስጥ ሰው አወራ። «ምን አሉ?» አለች ወለላ።

«ምንም አይደለም አሉ።»

«እውነታቸውን ነው?»

መምህር ይትባረክ ሳቅ አመለጣቸው። «እሱን ስደርስ እጠይቃቸዋለሁ» አሉ።

ቤት ገቡ። በገናው ከጨርቁ ወጣ፤ ወለላ ዱካው ላይ ተቀመጠች፣ መምህሩ ጀሪካኑ ላይ።

ወለላ ክሩን ሳበችው። «ዝዝዝ… ጥብ» አለ።

«አትቸኩዪ» አሉ መምህሩ። «በገና የጸሎት ነው፣ ጥድፊያ አይወድም። ሳቢ፣ ልቀቂ፣ ከዚያ ድምፁ እስኪያልቅ ስሚው።»

ሳበች። ለቀቀች። «ድምምምም…»

ድምፁ እስኪያልቅ ሁለቱም ሰሙት። ደግማ ሳበች፤ «ድምምምም…»

ጣቷ ቀላ፣ ትንሽም አመማት። ግን ተይ ቢሏትም አትተውም ነበር።

ሲወጡ መምህር ይትባረክ፣ «ዓርብ እመጣለሁ» አሏት።

«ባይመችዎትስ?»

«ባይመቸኝ በር ላይ ቆሜ አልነግርሽም። ገብቼ፣ ቁጭ ብዬ ነው የምነግርሽ።»

«ያኔም ይከፋኛል» አለች ወለላ።

«ይክፋሽ። ግን ንገሪኝ።»

«ከሽ ከሽ ከሽ።» መምህሩ ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ቤቱ እንደገና ጭጭ አለ። አንድ ትምህርት ቀኑን ሙሉ አይሞላም፣ ልጆች።

ወለላ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። መሸ፤ የሩቅ መብራቶች ጉሙ ውስጥ ቢጫ ቢጫ አሉ።

አባቷ ገባ። እጁ በጎማ ጠቁሯል፣ ወገቡን ይዟል።

«ቀንሽ እንዴት ዋለ?» አላት። ሁልጊዜ «ደህና» ነበር መልሷ።

ዛሬ ግን ትንሽ አሰበች። «መምህሩ መጥተው አስተማሩኝ። ከዚያ በኋላ ግን ብቻዬን ነበርኩ። አባዬ፣ ስታመሽ ይከፋኛል። እማዬም ናፈቀችኝ።»

አባቷ እጁን ሊታጠብ የያዘውን ውሃ አስቀመጠ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔንም ይከፋኛል» አለ።

«አንተንም?»

«አዎ። ጎማ እየፈታሁ ምን ሆና ይሆን እላለሁ። እናትሽም ናፍቃኛለች። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው የማልነግርሽ።»

«እኔም አንተን እንዳይከፋህ ብዬ ነበር» አለች ወለላ።

ተያዩ። አባቷ ጉንጯን ዳሰሳት፤ ጣቱ የነካው ቦታ ጠቆረ።

«ሥራውን መተው አልችልም» አላት። «ግን እትዬ ደብሪቱን እለምናለሁ፣ ነገ በምሳ ሰዓት ወደ እኔ ያመጡሻል። ጎማዎቹ መሃል ቁጭ ብለን አብረን እንበላለን።»

«ባይሆንስ?»

«ባይሆን መጥቼ እነግርሻለሁ።»

ከዚያ ለጸሎት ተነሡ። አባቷ ረጅም፣ ወለላ አጭር፤ ጥላቸው ግድግዳው ላይ አንድ ሆነ።

«እግዚአብሔር ሆይ፣ ከፍቶናል» አለ አባቷ።

«ግን ዛሬ ሁለት ሆነን ነው» አለች ወለላ።

አልጋው ጠባብ ነው፣ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል። ወለላ ጀርባዋን አባቷ ላይ አስጠግታ ተኛች።

እኔም እዚህ ላይ ላብቃ። የከፋው ልጅ ካለ፣ ሳይተኛ በፊት አጠገቡ ላለው ሰው ይንገር፤ እግዚአብሔር ሁላችሁንም በሰላም ያሳድራችሁ።