የጠገበችው ዓሣ

ልብስ ሰፊዋ ሰው ስታይ መጀመሪያ ዓይኗ የሚያርፈው ኮሌታው ላይ ነው። የሥራ ነገር ነው፣ ምን ታድርግ። የታመመች ዓሣ እንዲያይላቸው የጠራችውን የጌጥ ዓሣ ሻጭ ኮሌታ ግን ያን ቀን ልብ አላለችውም። ሰውየው ሳሎን እንደገባ ተንበርክኮ ፊቱን ወደ መስታወቱ ገንዳ አስጠግቶ ውስጡን ይመለከት ጀመር። እንዲህ ረጋ ብሎ የሚያይ ሰው ገጥሟት አያውቅም።

ብርቱካንማዋ ዓሣ ሟች እናቷ ያሳደጓት ነበረች። አሁን ሆዷ ተነፍቶ፣ በጎኗ ጋደል ብላ ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች። ከኋላዋ ነጣ ያለ፣ ክር የመሰለ ኩስ ይጎተታል።

«መብላት እንቢ አለች፤ እኔም ጨመር አደረግሁላት» አሉ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር አባቷ፣ የምግቡን ጣሳ እንደያዙ።

ዓሣ ሻጩ ማን መቼ እንደሚያበላት ጠየቀ። አባትየው ጠዋት ይሰጧታል፤ ወደ መስታወቱ በመጣች ቁጥርም ይደግሙላታል። ልጃቸው ልብስ ሰፊዋም አባቷ የረሱ እየመሰላት ቀን ቀን ትሰጣት ነበር። ገንዳው ሥር የተረፈው ምግብ በስብሶ ውሃው ደፍርሷል።

ወጥ ቤት ድረስ ተከትሏት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። የዓሣዋ ቅርፊት እንደሚሞቱት ዓሣዎች ወደ ውጭ ስላልቆመ ተስፋ አላት፤ ያሳመማት ግን ከመጠን በላይ የበላችው ነው።

ልጅቷ ደነገጠች፤ የደነገጠችው ለአባቷ እንጂ ለዓሣዋ አልነበረም። እናቷ በመጨረሻ መዋጥ አቅቷቸው፣ አባቷ ማንኪያ ይዘው አልጋው አጠገብ ሲለማመጡ ነው የከረሙት።

«እጅዎ ነው ያሳመማት ካልከው አባዬ ከዚያ ሶፋ አይነሳም» አለችው።

ዓሣ ሻጩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ተመልሶ ከሽማግሌው ጎን ቁጭ አለ።

«አባባ፣ ዓሣዋ አልራባትም። ጠግባለች። ሆዷ እስኪያርፍ ጥቂት ቀን ምንም አንስጣት። ውሃዋን እኔ እየመጣሁ እቀይራለሁ።»

«ጠግባ ነው እንቢ የምትለው?»

«ጠግባ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ጣሳውን አስቀመጡና ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ልጅቷ በሩ ላይ እንደቆመች ወደደችው። በቃ፣ ወደደችው፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ሰውየው እንዳለው እየመጣ ግማሹን ውሃ ቀየረ፣ ገንዳውን አጸዳ። የዓሣዋ ሆድ ጎደለ፣ ቀጥ ብላም መዋኘት ጀመረች። ያኔ የተቀቀለ አተር ልጦ፣ ቆንጥሮ ለሽማግሌው ሰጣቸውና በገዛ እጃቸው አበሏት። ልጅቷ መርፌዋን ትታ እጆቹን ታያለች፤ እሱም ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ።

የአባትየው እጅ ግን ማረፍ አልቻለም። ዓሣዋን እንዳሻቸው ማብላት ሲከለከሉ ወደ ሰውየው ዞሩ። በመጣ ቁጥር ሳህን ይቀርባል፤ ባዶ ሲሆን ይደገማል። ዓሣ ሻጩም ትልቅ ሰው እንዳያስቀይም አንገቱን ደፍቶ ይበላል።

አንድ እሑድ ቀበቶውን አላልቶ፣ ግንባሩ አልቦት፣ ሶፋው ላይ ጋደል አለ። ሽማግሌው ሦስተኛ ሳህን ይዘው ብቅ ሲሉ የልብስ ስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ።

«አባዬ፣ በቃ» አለች ልጅቷ፣ ሳህኑን ተቀብላቸው። «ይሄ ሰው ታሞ እንዲቀርብኝ አልፈልግም።»

«ታዲያ መብላት ካልፈለገ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ዓሣዋ እንደሆነች ድናለች።»

ዓሣ ሻጩ እንደምንም ቀና ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ የገረጣ ቢሆንም ዓይኑን አልሰበረም።

«ለእሷ ብዬ ነው የምመጣው፣ አባባ። ልጅዎን እወዳታለሁ።»

ልጅቷ ሳህኑን እንደያዘች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ተመለከቱ።

«ይህችን ለማለት ነው ይህን ሁሉ ሳህን ያጸዳኸው?» አሉ። ከዚያም ምግቡን ከልጃቸው እጅ ወስደው በሁለቱ መካከል ተቀመጡና በዝግታ መጉረስ ጀመሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሳህን ሲጨርሱ ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየቻቸው ያን እሑድ ነው።