ያልተሰማቸው ምስማር

ጠዋት ልጅቷና አያቷ ጉዞ ሲጀምሩ በመንገዱ ዳር ያለው ድንጋይ አሥራ ስምንት ይላል። ከሁለት መቶ ስድስት ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ የቀራቸው ይኸው ነበር። በአያቷ ቦርሳ ውስጥ የሟች ሚስታቸው ሰማያዊ ሻርፕ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሚስታቸው በእግራቸው ሄደው ከቅዱሱ ስፍራ ሊደርሱ ተስለው ሳይችሉ ነበር ያረፉት፤ አሁን ስለታቸውን የሚያደርሱት ባላቸው አባባ ናቸው።

«ሜትሬ፣ ፈጠን በይ! ፀሐይዋ እንኳ ቀደመችን» አሉ አባባ።

ያገኘችውን ሁሉ ስለምትለካ ያወጡላት ስም ነው። ኪሷ ውስጥ ያለው ሜትርም የሳቸው ነው፤ አርባ ዓመት የሰው እግር ለክተውበታል። ጫማ ሰፊ ነበሩ። ትናንት አመሻሽ የግራ ጫማቸው ታኮ ሲላቀቅ ካረፉበት ቤት መዶሻ ተውሰው ራሳቸው መቱት። «የኔን ጫማ ሌላ ሰው ከሚመታው በባዶ እግሬ ብሄድ ይሻለኛል» ብለው አሳቋት።

ከዚያ እናቷ ደወለች። አባባ ስኳር ስላለባቸው እግራቸው ደንዝዟል፤ ቢቆስል እንኳ አያማቸውም። ስለዚህ ልጅቷ ማታ ማታ ካልሲያቸውን አውልቃ እንድታይ አደራ ተብላለች። ትናንት ግን «ደክሞኛል፣ ነገ ታያለሽ» አሏት፤ እሷም ደክሟት ነበር።

«አየሽው?»

«አይቼዋለሁ እማ። ደህና ነው።»

ዛሬ ያቺ ቃል ከቦርሳዋ በላይ ከብዳታለች። ከኋላ ከኋላቸው ስትሄድ ዓይኗ ከተረከዛቸው አልነቀል አለ። ረፋዱ ላይ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ፣ በያንዳንዱ የግራ እርምጃ ጥቁር እርጥብ ነጥብ ሲቀር አየች።

«አባባ፣ ይቁሙ።»

«ላብ ነው፣ አትነዝንዢኝ።»

«እስኪ ይቀመጡና እንየው።»

ዘጠኝ የሚል ድንጋይ አጠገብ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ጫማውን አውልቃ እጇን ከተተች። ጣቷን ወጋት። ካልሲው ከተረከዛቸው ጋር ተጣብቆ ነበር፤ በውኃ አርሳ ቀስ ብላ ላቀቀችው። ሜትሩን አውጥታ ቁስሉንና ቅላቱን ለካች።

«ምስማር ነው አባባ።»

አባባ ጫማውን ተቀብለው ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። በአርባ ዓመት ውስጡን በጣታቸው ሳይዳብሱ ለባለቤቱ የሰጡት ጫማ አልነበረም። ትናንት ግን መሽቶባቸው ነበር።

«አልተሰማኝም» አሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል። ከዚያ ቀና አሉ። «በጨርቅ እሰሪልኝና እንሂድ። ያ ኮረብታ አይታይሽም? ከጀርባው እኮ ነው! ለእናትሽ ስንደርስ እንነግራታለን።»

«አባባ…»

«በአያትሽ ይዤሻለሁ፣ ሜትሬ።»

ኮረብታውን አየች፣ እግራቸውን አየች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«እማ፣ ትናንት ዋሽቼሻለሁ። አላየሁትም ነበር።»

«አትፎግሪኝ! አሁንስ አየሽው?»

«ምስማር ወግቷቸው ነው። ቁስሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ቅላቱ ከቁርጭምጭሚታቸው አልፏል።»

«አንዲት እርምጃ እንዳይራመዱ። ከሐኪም ቤት መኪና አስልካለሁ። የት ናችሁ?»

«ዘጠኝ የሚለው ድንጋይ ጋ።»

አባባ ፊታቸውን አዞሩ። ሌሎች ተጓዦች በአጠገባቸው እየዘመሩ አለፉ፤ አንዲት ሴትዮ «በርቱ፣ ደረሳችሁ!» አለቻቸው። ብዙ ከቆዩ በኋላ አባባ ሻርፑን ከቦርሳቸው አውጥተው ጭኗ ላይ አኖሩት። ሂጂ አላሏት፣ ተቀመጪ አላሏት። ኮረብታው ላይ የሚወጡት ሰዎች እንደ ጉንዳን ይታያሉ፤ ሻርፑን ይዛ ብቻዋን ብትሄድ በሁለት ሰዓት ልትደርስ ትችል ነበር።

ሻርፑን እንደነበረው አጣጥፋ ወደ ቦርሳው መለሰችው። የቆሰለውን እግር ከፍ አድርጋ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

መኪናው በሃምሳ ሁለት ደቂቃ ደረሰ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቅላቱ፣ በሜትሩ ስትለካው፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ጨመረ።