የአሰልጣኙ ሐውልትና የወጌሻው ሞት

ኧርል ፒትኪን ሞተው የተገኙት በስታዲየሙ አሮጌ የመልበሻ ክፍል፣ ተጫዋቾች ከልምምድ በኋላ እግራቸውን በሚነክሩበት የበረዶ ገንዳ ሥር ነበር። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል፤ የገንዳው ጠርዝ ደም ነክቶታል። ከጎናቸው የሜዳ መስመር የሚሰመርበት የኖራ ከረጢት ተቀዶ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል። በዚያው ዕለት ማታ ከተማው ተሰብስቦ የአሰልጣኝ ባፎርድ ክላጌት ሐውልት ከስታዲየሙ በር ይነሣ ወይስ ይቁም ብሎ ሊከራከር ቀጠሮ ይዞ ነበር። የመጀመሪያው ተናጋሪ ደግሞ እኒሁ የቡድኑ የቀድሞ ወጌሻ ነበሩ።

በኦክላሆማዋ ሃርላን ክሪክ ቤተ ክርስቲያን ቢዘጋ ሰው ይታገሣል፤ የኮሌጁ ፉትቦል ቢቀር ግን ደም ይፈሳል። ፉትቦል ይበሉት እንጂ እግር ኳሱን የሚነካው ከስንት አንዴ ነው። ክላጌት ለዚህ ከተማ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ደርድሮ፣ ከአራት ዓመት በፊት በክብር የተቀበረ አሰልጣኝ ነው። ስሙ ስታዲየሙ ላይ አለ፣ ዋናው መንገድ ላይ አለ፣ የሐምበርገር ቤት ሳይቀር በስሙ ይጠራል። በዚሁ ሰው ልምምድ ላይ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ኦቲስ ሎፍተን የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ውሃ ተከልክሎ ሲሮጥ ወድቆ ሞቷል። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ እዚህ አገር ነሐሴ የሚያወርደው እሳት እንጂ ዝናብ አይደለም። ከተማው ዋንጫውን ሲያነሣ ይጮኻል፣ ልጁን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል የገባኝ እዚህ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ነው።

ምርመራው ለማቪስ ኦከርማን ደረሳት። ማቪስ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ኪሷ የሱፍ ፍሬ የማይለየው፣ ዓይኗ ግን እንደ ጥርሷ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። ፉትቦል አይታ አታውቅም፤ ይህን በአደባባይ መናገር እዚህ ከተማ ከፍቺ የከፋ ነው።

ሬሳውን ያገኘው የአሰልጣኙ ልጅ ሮይስ ክላጌት ነበር። እሱም የስታዲየሙ ኃላፊ ሲሆን፣ በአባቱ ቡድን ሲጫወት የተሰበረው ግራ ጉልበቱ እስከ ዛሬ አይታጠፍለትም። ከማቪስ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል።

«አሳድገውኛል እኮ» አለ ሮይስ ዓይኑ ቀልቶ። «እግሬን አሽተው፣ አስረው... ማን ጨክኖባቸው ነው?»

«አንተስ መቼ ነው ያገኘሃቸው?»

«ጠዋት በሩን ልከፍት ስመጣ ተከፍቶ አገኘሁት። ጠጋ ብዬ አየሁና ሮጬ ወጣሁ።»

ማቪስ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች። በኖራው ላይ ሁለት ሰው ተራምዷል። አንደኛው የሮይስ ነው፤ አንዱ እግር ይረግጣል፣ ሌላው እየተጎተተ መስመር ያሰምራል። ሁለተኛው ዱካ ከሬሳው ተነሥቶ ወደ በሩ ይሄዳል። ጫማው እየተንሸራተተ ስለረገጠ ልኩም ሆነ ጥለቱ አይለይም፤ ሁለቱም እግሮች ግን እኩል ይራመዳሉ። ዱካው መሀል ወለሉ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፍና ከዚያ ተመልሶ ወደ በሩ ይቀናል። ማቪስ ዱካውን ላለመንካት በመሀል አቋርጣ ወደ በሩ አመራች።

«ኧረ ማቪስ! ውረጂ ከሱ ላይ!» ሮይስ ጮኸ።

ማቪስ ደንግጣ ወደ ታች አየች። ወለሉ ላይ የተሳለ የጎሽ ራስ ላይ ቆማለች።

«ምን ረገጥኩ? ፈንጂ ነው?»

«የቡድኑን ምልክት ነዋ! ጎሹ አይረገጥም። በአባቴ ጊዜ የረገጠ ልጅ ወለሉን በሙሉ በጥርስ ብሩሽ ነበር የሚያጥበው።»

«አንተንም አሳጥቦህ ያውቃል?»

«ሁለቴ» አለ ሮይስ፤ ከሐዘኑ መሀል ኩራት ብልጭ አለበት።

ወዲያው የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ላይል ብራንድት ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። ከቺካጎ የመጡ የኢኮኖሚክስ ሰው ናቸው። ጎሹን አፍንጫው ላይ ረግጠው አለፉ። ሮይስ ጥርሱን ነከሰ።

«መርማሪ፣ አደጋ ነው አይደል? ሽማግሌ ናቸው፤ አዳልጧቸው ይሆናል።»

«ያዳለጠው ሰው አንዴ ነው የሚወድቅ፣ ፕሬዚዳንት። እሳቸው ግን ሁለት ቦታ ነው የተመቱት።»

«እንግዲያው የማታው ስብሰባ ይሰረዝ ነዋ!»

«ቶሎ ደረሱበት። ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። ብቻዬን።» ሰውዬው መሐረባቸውን አጠፉት። «ስብሰባውን አልፈለግሁትም፤ አልዋሽም። ሐውልት ሲነሣ ደጋፊ ይቀየማል፣ ሲቆም ጋዜጣ ይሰድበናል። ግን ለዚህ ሰው አይገደልም።»

ሰው ለዚህ እንደሚገደል ሬሳው እግራቸው ሥር ሆኖ እየነገራቸው ነበር። ማቪስ ወደ ግድግዳው ዞረች። ግድግዳው ላይ የየዓመቱ ቡድን ፎቶግራፍ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ አንድ ልጅ አንገቱ ላይ ቁልፍ አንጠልጥሏል።

«ይኼ ቁልፍ የምን ነው፣ ሮይስ?»

«የውሃው ጋሪ። ካፒቴኑ ነው የሚይዘው። አባቴ ልምምድ የሚያየው ከማማው ላይ ሆኖ ነበር፤ ውሃ በእጁ አይነካም። ቡድኑ ውሃ ይገባዋል አይገባውም የሚለውን ካፒቴኑ ነው የሚወስነው። አባቴ ራሱ ነበር አንገቱ ላይ የሚያስርለት። ትልቅ ክብር ነው!»

ማቪስ ኦቲስ የሞተበትን ዓመት ፎቶ ፈለገች። ቁልፍ ያንጠለጠለው ልጅ አገጩን ወደ ላይ ቀስሮ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ አየችው።

ከተማው ግን ገዳዩን ከቁርስ በፊት ወስኖ ጨርሷል። የኦቲስ እህት ቨርና ሎፍተን ባለፈው ሳምንት ገበያ መሀል «ወንድሜ ሲሞት ቆመህ አይተሃል!» ብላ ኧርል ላይ ጮኻባቸዋለች፤ ለሃርላን ክሪክ ይህ በቂ ነው። ማቪስ ቨርናን ያገኘቻት ሐውልቱ ሥር፣ የወንድሟን ፎቶ ታቅፋ ተቀምጣ ነው።

«ልታስሪኝ ነው የመጣሽው?» አለች ቨርና ሳትነሣ።

«ልጠይቅሽ ነው። ገበያ ላይ ተሳድበሻል ይባላል።»

«ተሳድቤአለሁ። ብሰድባቸው ይበዛባቸዋል? ትናንት ግን ደወሉልኝ። አለቀሱ። ‹ለኦቲስ ውሃ የከለከለውን ሰው ነገ ማታ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ፤ ስሙን ስትሰሚ ይቅር በይኝ› አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ? ክላጌት መሆኑን ማን ያጣዋል? አገር ያወቀውን ሊነግሩኝ ነው እንዴ ብዬ ዘጋሁባቸው።» የታቀፈችውን ፎቶ በእጅጌዋ ጠረገች። «እናቴ ያንን ስም ሳትሰማ ሞተች። እኔም አሁን ላልሰማው ነው። የሚናገርልኝን ሰው ለምን እገድላለሁ?»

ማቪስ የሐውልቱን ፊት ቀና ብላ አየች። አገር የሚያውቀውን ስም ለመናገር ግን ማንም ሽማግሌ አያለቅስም።

ቀጥላ ጠበቃ ካርቨር ሂንሽ ቢሮ ገባች። ሂንሽ በወጣትነቱ ለክላጌት የተጫወተ፣ አሁን ግን ሐውልቱን ካላስነሣሁ እያለ ሰልፍ የሚመራው ሰው ነው። አገጩን ቀስሮ ተቀበላት።

«ኧርል ምስክሬ ነበሩ» አለ። «የገደሏቸው የክላጌት ወገኖች ናቸው። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ሮይስን ይጠይቁት።»

«እርስዎስ ዛሬ እዚያ ገብተዋል?»

«እኔ? ከተመረቅሁ ወዲህ በሩን አላየሁትም! ጎሹን አትርገጡ፣ ውሃ አትጠጡ፣ አታልቅሱ... ያን ሁሉ ጅልነት ከጭንቅላቴ ጠርጌ ካወጣሁት ስንት ዘመኔ!»

«ለኦቲስ ውሃ የከለከለው ማን ነበር?»

«ክላጌት!» አለ፤ ጥያቄዋን እንኳ አላስጨረሳትም።

ከሰዓት በኋላ ማቪስ አራቱንም ወደ መልበሻ ክፍሉ ጠራቻቸው። ወለሉ ታጥቧል፤ ወንበሮቹ ከበሩ ፊት ለፊት፣ በወዲያኛው ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። እሷ ጥግ ቆማ የሱፍ ፍሬዋን እየፈለፈለች የሚገቡትን ታያለች። ፕሬዚዳንቱ ቀጥ ብለው አቋርጠው ተቀመጡ። ቨርና በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ክፍል ገባች፤ ወንድሟ የለበሰበትን ቁም ሣጥን በዓይኗ እየፈለገች በጎሹ ላይ ተራመደች። ሮይስ እግሩን እየጎተተ ዞረ። ሂንሽ ስልክ እያወራ ገባ፤ እያወራም ዞሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ሁላችሁም ምክንያት አላችሁ» አለች ማቪስ። «ፕሬዚዳንቱ ስብሰባው እንዲቀር ይፈልጋሉ። ሮይስ የአባቱን ስም ይጠብቃል። ቨርና ቂም አለባት። ገዳዩ ግን በኖራ አሻራ ትቶልኛል። ሮጦ ሲወጣ እንኳ ቀጥ ብሎ አልሄደም፤ መሀሉ ላይ ታጥፏል። እዚያ ምንም የሚያደናቅፍ ነገር የለም። ያለው ሥዕል ነው።»

«ጎሹ» አለ ሮይስ ቀስ ብሎ።

«ጎሹ። ሰው ገድሎ እየሸሸ ሥዕል ላለመርገጥ የሚዞር ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ያደገ ነው። ፕሬዚዳንቱ ጠዋት ዓይኔ እያየ ረገጡት፤ አሁንም ረገጡት። ቨርናም እንዲሁ። የቀራችሁት ሁለት ናችሁ።»

«እኔ አይደለሁም!» አለ ሮይስ።

«አይደለህም። ያንተ እግር በኖራ ላይ ሲጎተት አይቼዋለሁ። የገዳዩ ሁለቱም እግሮች እኩል ነው የሚራመዱት።»

ሂንሽ ሳቀ። «በሥዕል ልትከሱኝ ነው? ይህንን የትኛው ዳኛ ይሰማል?»

«ሚስተር ሂንሽ፣ አሁን ሲገቡ በየት በኩል ዞሩ?»

ሂንሽ ወደ መሀል ወለሉ ተመለከተ። ጎሹን መዞሩን ራሱ አላወቀም ነበር።

«ጅልነቱን ጠርጌ አውጥቻለሁ ብለውኛል። እስኪ ይርገጡት።»

ተነሣ። ፊቱ ላይ ንቀት ነበረበት፤ ጠበቃ በፍርድ ቤት እንደሚራመደው ደረቱን ነፍቶ ሄደና ጎሹ ጠርዝ ላይ ቆመ። ቀኝ እግሩን አነሣ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው፣ ሽበታም፣ የሦስት ልጆች አባት፣ እግሩን ወደ ኋላ መለሰው። እንዲያ ሲያደርግ ማየት ያሳፍር ነበር።

«ይበቃል» አለች ማቪስ። «ዳኛው የሚሰማው ሌላ ነው። ጫማ ቀይረዋል፤ የመኪናዎን የፍሬን ፔዳል ግን አላጠቡትም። ከፔዳሉ ጎማ ቦይ ውስጥ ኖራ አውጥተናል። ለምን እንደገደሉም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ኧርል አለቀሱ፤ የክላጌትን ስም ለመጥራት ቢሆን ልቅሶ አያስፈልግም ነበር። ያለቀሱት ሊጠሩ የነበረው ቨርና አምናው አብራው ሰልፍ የወጣችውን ሰው ስለሆነ ነው። በዚያ ዓመት ቁልፉ አንገቱ ላይ የነበረው ካፒቴን እርስዎ ነዎት።»

ቨርና ቀና አለች። «ካርቨር?»

ሂንሽ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ኧርል ቁልፉን ለመኑኝ። ‹ልጁ ላቡ ደርቋል፣ ስጠኝ› አሉ። እያስመሰለ ነው አልኳቸው። አሰልጣኙ ከላይ እያየኝ ነበር፤ ልፍስፍስ ካፒቴን ይለኛል ብዬ ፈራሁ።» ወደ ገንዳው አየ። «ዛሬ ጠዋት ‹ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አሉኝ። ገፋኋቸው። ሊነሡ ሲሉ... ሊነሡ ሲሉ ደገምኳቸው።»

«እንዲህ ነው እንዴ!» ሮይስ ብድግ አለ። ፊቱ በርቶ ነበር። «አባቴ ንጹሕ ነው ማለት ነው! ሠላሳ ዓመት በነገር ሲወጉን!»

«ማማው ላይ የነበረው ማን ነው፣ ሮይስ?»

«ሩቅ ነው እኮ ማማው!»

«ልጅ ሲወድቅ ከሩቅም ይታያል። ቁልፉን የሃያ ዓመት ጎረምሳ አንገት ላይ ያሰረውስ?»

ሮይስ ግን አልሰማትም፤ ስልኩን አውጥቶ መደወል ጀምሯል። ፕሬዚዳንቱም ተጠግተውት «እንግዲህ ከተማው በሌላ ዓይን ያየዋል» እያሉ አብረው ወጡ። ማቪስ ከኋላቸው እያየች በገነች። ገዳዩን ያዘች፤ በያዘችውም ሰው ሐውልቱን አተረፈችላቸው። ከዚህ ይልቅ የሱፍ ፍሬዋን እየቆረጠመች ቤቷ ብትውል ይሻላት ነበር።

ካቴናውን ስታወጣ ሂንሽ ሳይጠየቅ እጁን ዘረጋ። ቨርና መጥታ ፊቱ ቆመች። አልጮኸችም።

«አጠገቡ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ምን አለ?»

«ተዪኝ፣ ቨርና።»

«እናቴ እስክትሞት የጠየቀችው ይህን ነው። ወንድሜ ምን አለ?»

ሂንሽ ወለል ወለሉን አየ። «‹ይቅርታ፣ ካፒቴን› አለኝ። ‹አሁን እነሣለሁ፤ ትንሽ ብቻ ጊዜ ስጠኝ› አለኝ።»

«ሰጠኸው?»

ሂንሽ ወደ በሩ ዞረ። ማቪስ ክንዱን ይዛ ልትወስደው ነበር፤ ቨርና ግን መንገዱን አልለቀቀችም።

«መልስልኝ እንጂ! ሰጠኸው?»

«አልሰጠሁትም» አለ።