ቻይዋና የተራራዋ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይሄን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ራጅ ክፍል የሚሠራ ሰው ደፋር ነው የሚል ካለ ሰኞ ጠዋት መጥቶ ወረፋውን ይይ። ቅዳሜና እሑድ ከተራራው ቁልቁል በሳይክል የወረዱ ጎረምሶች ክንዳቸውን አቅፈው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ተደርድረው ያገኛቸዋል።

ፍቅረኛዬን፣ ቀያሹን፣ ያገኘሁትም እዚያው ወረፋ ላይ ነው። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ እንኳ ይስቅ ነበር። «ትንፋሽዎን ይያዙ» ስለው ያዘና ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። «ይተንፍሱ» ማለቱን ረሳሁት። ፊቱ ሲቀላ ነው የነቃሁት።

«አንቺ እኮ ከልቤ በፊት አጥንቴን ነው ያየሽው» ይለኛል እስከ ዛሬ። ሥራው መሬት መለካት ነው፤ የትኛውንም ቁልቁለት አይቶ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይነግራችኋል። እኔ የማውቀው ከዲግሪው በኋላ የሚመጣውን ነው።

አሮጌው ሳይክሉ በዚያ አደጋ እንክትክቱ ወጥቶ ስለነበር፣ ትከሻው ሲድን አዲስ ልንመርጥ ጋሽ ጎማ ሱቅ ሄድን። እውነተኛ ስማቸው አይደለም፤ ሆዳቸውና ሥራቸው ተባብረው ያወጡላቸው ነው። ሁለት ሳይክሎች ጎን ለጎን አቆሙልን።

«ይቺ ቻይዋ ነች» አሉ፣ ከኋላዋ የዕቃ መጫኛ ያላትን እየደባበሱ። «አስፋልት ብትል፣ ኮረኮንች ብትል፣ ሥራ ብትል፣ ገበያ ብትል፣ እሺ ነው መልሷ። ሁሉን ቻይ እግዜር ብቻ ነው፤ ይቺ ግን ትሞክራለች።»

ወደ ሁለተኛዋ ሲዞሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይቺ ደግሞ የተራራዋ። ጎማዋ ወፍራም፣ ፊትና ኋላ ሞላ አላት፤ ፍሬኗ ባለችበት ቀጥ ያደርጋታል። ከተማ ውስጥ ግን ትለግማለች።»

ቀያሹ የተራራዋን መሪ ጨበጠ። አጨባበጡን አይቼ ዓይኔ ወደ ትከሻው ሄደ።

«አንቺ የትኛዋን ትያለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የምትነዳው አንተ።»

«አጥንቴን የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ። እስከ ቅዳሜ አስቢበት፤ ያልሽውን እገዛለሁ።»

ቻይዋን ውሰድ ብለው እሺ ይለኛል። እሺ ብሎኝ ግን ያንን ተራራ ባየ ቁጥር ቢያዝንብኝስ? የተራራዋን ውሰድ እንዳልል ደግሞ ምላሴ አልታዘዝ አለ። ሰኞ ጠዋት ወረፋው ላይ ቢመጣስ? ጭራሽ ወረፋ የማያስፈልገው ሆኖ ቢመጣስ? ሳምንቱን ሙሉ ዝም አልኩት።

ዐርብ ዕለት ነውረኛ ሥራ ሠራሁ። ጋሽ ጎማ ሰው ያስያዘው ሳይክል ላይ ካርቶን ያንጠለጥላሉ። ስም ስለሚምታታባቸው «ተይዛለች» ብቻ ነው የሚጽፉበት። ካርቶን ያለባትን ለማንም አይሸጡም፤ ማን እንዳስያዛት ቢረሱም ራሳቸውን እንጂ ሌላ ሰው አይጠረጥሩም። ፓምፕ ፈልጌ ነው አልኳቸው። ጓዳ ሲገቡ አንዱን ካርቶን አንስቼ የተራራዋ መሪ ላይ አሰርኩት። ፓምፑን ገዝቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ተረኛ ነበርኩ። ረፋዱ ላይ ደወለ።

«የተራራዋን ሰው ቀደመኝ። ቻይዋን ገዛሁ።»

«እሰይ! ማለቴ... ምን ይደረግ።»

«ግድ የለም። ቻይዋ አይደለች? ይኸው ልሞክራት ወደ ተራራው እየወጣሁ ነው።»

መልሼ ስደውል ስልኩ አይሠራም። ቀጭን ጎማ፣ ለገበያ የተሠራ ፍሬን፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት!

«ገደልኩት!» አልኩ ጮክ ብዬ። ክፍሉን ለባልደረባዬ ትቼ ጋዋኔን እንኳ ሳላወልቅ ወጣሁ።

ታክሲው መንገዱ ያለቀበት አወረደኝና በእግሬ ሽቅብ ተያያዝኩት። ጃኬቱ ቀይ ነው። በየመታጠፊያው ገደሉን ቁልቁል አያለሁ፤ ቀይ ነገር ባየሁ ቁጥር ቆሜ አተኩራለሁ። አንዱ ጨርቅ ነበር፤ አንዱ የዛገ ቆርቆሮ። አምላኬን ለመንኩት፣ ተሳልኩ፣ ደግሞም ተቆጣሁት።

አናቱ ላይ፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሳይክሏ አጠገቡ ተጋድማለች። እጁ ተጫጭሯል።

«ምን ሆነህ ነው?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «መጀመሪያው ላይ ፍሬን ያዝኩ፤ አልቆም አለች። ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ ነው የተረፍኩት። ገፍቻት ተመለስኩና እግሬ እምቢ አለኝ። ፈራሁ።»

ይሄን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

«ካርቶኑን ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«የቱን ካርቶን?»

«የተራራዋን። ማንም አላስያዛትም ነበር።»

ተጋድማ የነበረችውን ሳይክል አቆማት።

«ሞቼ ቢሆንስ?»

የተጫጫረ እጁን ልይዝ ስል ሸሸኝ።

«አትውሰድ ማለት ይሄን ያህል ይከብዳል?»

«ከእኔና ከተራራው ምረጥ ብልህ፣ ተራራውን ትመርጣለህ ብዬ ነዋ!» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ስትይኝ ብሞትም ብድንም ግድ የላትም ብዬ ነበር» አለ።

ሳይክሏን መሃላችን አድርገን እየገፋን ወረድን። እሱ መሪዋን፣ እኔ ኮርቻዋን ይዤ።

«ሰኞ ሄደህ በተራራዋ ቀይራት» አልኩት ግማሽ መንገድ ላይ። «ካርቶኑን እኔ አወርደዋለሁ፤ ጋሽ ጎማንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እፈራለሁ። በወጣህ ቁጥር እስክትመለስ ምግብ አይወርድልኝም። ስትመጣ ደግሞ እጮህብሃለሁ። ከአሁኑ እወቀው።»

ቆመ። ሳይክሏም ቆመች።

«እየፈራሽም ቢሆን ታገቢኛለሽ?»

ቁልቁለቱን አየሁ፤ የተጫጫረ እጁን አየሁ። በጣም እየፈራሁ፣ አዎ አልኩት።