የዳኑ ጣቶች

የእናቷ ጣቶች ዛሬ ፀጉሯን እየያዙ አልጎተቱም። ልጅቷ ሹሩባ እየተሠራች መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ፀጉር ሠሪ እናቷ የሳሎናቸውን ግማሽ በመስታወትና በፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሞልታዋለች። ከወራት ወዲህ የተሰነጠቁት ጣቶቿ ፀጉር እየጎተቱ ደንበኛውን ሁሉ ሲያስለቅሱ ከርመዋል። አሁን ግን ለስላሳ ናቸው፤ ልጅቷም ልቧ ድንግጥ አለ።

«እማ፣ ኪኒኑን እየወሰድሽ ነው?»

«እየወሰድኩ ነው። አትነቃነቂ።»

ዓይን ያወጣ ውሸት። ኪኒኑ ቆዳ እንደሚያደርቅና እንደሚሰነጥቅ ዶክተሩ ለሁለቱም ነግሯቸዋል። የእናቷን የሳንባ ዕጢ ያመጣውንም ነገር ወረቀት ላይ እየሣለ አስረድቷቸዋል። ሕዋሶችን ተባዙ ብሎ የሚያዝ ዘረመል አለ፤ ጤነኛው ሲያስፈልግ ያዝዛል፣ ሲበቃ ዝም ይላል። የእሷ ግን ተበላሽቶ ዝም ማለት አቃተው፤ ሌት ተቀን ተባዙ፣ ተባዙ ይላል። ኪኒኑ ትእዛዙን ያፍናል እንጂ ዘረመሉን አያስተካክልም። እናቷ ያኔ እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሷን ስትነቀንቅ ነበር።

ልጅቷ ዞር ብላ አፈጠጠችባት። እናት መካዱ እንደማያዋጣ ገባት።

«ዕጢው ቀንሷል አልተባለም እንዴ? ደግሞ ሙሽሮች ሊመጡ ነው። በዚያ ጣት ማን ጭንቅላቱን ይሰጠኛል?»

«የቀነሰው ስለወሰድሽው ነው እኮ! ስታቆሚ ዘረመሉ ማዘዙን ይቀጥላል።»

«ለአንቺም አፍ የሚያስይዝ ኪኒን በተገኘ» አለች እናት፣ የልጇን ጭንቅላት ወደ ፊት እየመለሰች።

ልጅቷ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ በመሳቋ በገነች። ትልቅ ሰው እንዴት እንደ ሕፃን መድኃኒት ይደብቃል? ከዚህች ችኮ ሴት ሌላ ማንም የላትም። ፈርታለች፤ ንዴቱም ከፍርሃቱ የመጣ ነው።

ስልኩ ጠራ። ከቀጠሮ በፊት የምትደውለው ነርስ ነበረች። እናት ስልኩን ለልጇ አቀብላ፣ በሹክሹክታ «በየቀኑ ትወስዳለች በያት» አለቻት።

ልጅቷ እናቷ ስታኮርፍ እንዴት እንደምትሆን ታውቃለች፤ ሳምንት ሙሉ «ብዪ» እና «ተኚ» ብቻ ነው የምትናገረው። ነርሷ «ኪኒኑን በየቀኑ እየወሰደች ነው?» ስትል ጥያቄዋን ደገመች።

«አቁማለች» አለች ልጅቷ። ከኋላዋ ማበጠሪያው ቀጥ አለ። «ጣቷ እየተሰነጠቀ መሥራት አቅቷት ነው። ለእሱ የሚረዳት ነገር ይኖራል? ዛሬውኑ ይዣት ልምጣ?»

ነርሷ ዶክተሩን እስክታናግር ስልኩን እንዳትዘጋው ነገረቻት። እናት ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ልጅቷ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ግማሹ እንደተበተነ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ጠበቀች።