ነይ ብልሽ

የጭነት ማመላለሻ ድርጅቱ የሚልከው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። በመሥሪያ ቤቱ የምትታወቀው «አራሚዋ» እየተባለች ነው። ጠረጴዛዋ ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ስለሆነ መንገደኛ አታጣም። ሁሉም ግን ወረቀቱን ያስቀምጥና «እስቲ ይቺን አየት አድርጊልኝ» ብሎ ያልፋል፤ ሲመለስም የሚያየው ወረቀቱን እንጂ እሷን አይደለም። ቤቷ ደግሞ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው አባቷ ይጠብቋታል። እናቷ ካረፉ ወዲህ የሚያበላቸውም የሚያገላብጣቸውም ከእሷ በቀር የለም።

አንድ ቀን የመጋዘኑ የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሪፖርት ይዞ መጣ። የእንግሊዝኛው ነገር አይነሣ። እዚያ ስድስት ዓመት መሥራቱን ለመግለጽ «ሲንስ ስድስት ዓመት» ብሎ ጽፏል። እሷም ሰርዛ «ፎር» ብላ መለሰችለት። እሱ ግን አልሄደም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ለምን?» አላት።

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ነገሩ የጀመረበትን ጊዜ ስትናገር «ሲንስ»፣ የቆየበትን ርዝመት ስትናገር ግን «ፎር» ነው ብላ አስረዳችው።

«እንግዲያው እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ሲንስ ቅድም ነው» አለ።

ሳቀች። የገዛ ሳቋ እንግዳ ሆነባት።

ከዚያ ወዲያ ምሳቸውን የመጋዘኑ ደረጃ ላይ አብረው መብላት ጀመሩ። እሷ ግሥ ታስተምረዋለች፤ እሱ ደግሞ ቤቷ መጥቶ ፍሪጇን ጠገነላት፣ እግረ መንገዱንም የአባቷን ጢም ላጨላቸው። አንድ ቀን የእንግሊዝኛዎቹን «አ»ንና «ዘ»ን ልታስረዳው፣ ሰው መጀመሪያ ሲነሣ «አንድ ሰው» ነው፣ ከታወቀ በኋላ ግን «ሰውየው» ይባላል አለችው። ጥቂት አሰበና፣

«ታዲያ እኔ ላንቺ አንድ ቴክኒሻን ነኝ፣ ወይስ ቴክኒሻኑ?» አላት።

በእጇ የያዘችውን ዳቦ ትኩር ብላ ማየት ያዘች። መልሷ ግን ገባው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ድርጅቱ ሩቅ ላለው ቅርንጫፉ የጥገና ኃላፊ ፈለገ። ቴክኒሻኑ ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ ጽፎ አመጣላት። ከሞላ ጎደል ደህና ነበር። መጨረሻው ላይ ብቻ፣ መልሳችሁን በትሕትና እጠብቃለሁ ሊል ፈልጎ፣ «ልትመልሱልኝ ግድ ነው» የሚል «መስት» ሰንቅሮበታል። አለቆቹ ይህን ቢያነቡ ድፍረት ይመስላቸዋል፤ ማመልከቻው ወደ ጎን ይጣላል፤ እሱም እዚሁ ይቀርላታል።

ወረቀቱን ቤቷ ወሰደችው። ቅዳሜን ሳትነካው ዋለች። እሁድ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቃሉን ሰረዘችና ሰው ሰውን አክብሮ በሚጽፍበት ቃል ተካችው። እንባዋ ሲመጣ ወረቀቱን ገፋ አደረገችው፤ እንዳይበላሽበት።

ተቀበሉት። በመሄጃው ዋዜማ ደረጃው ላይ አብረው ተቀመጡ።

«ነይ ብልሽስ?» አላት።

«ብትለኝ ነው፣ ወይስ እያልከኝ ነው?»

«እያልኩሽ ነው።»

ሁለቱም አባቷን አሰቡ። ያን ያህል መንገድ ለእሳቸው የሚሞከር አልነበረም።

«አባዬን ለማን ጥዬ?» አለች በቀስታ።

እንግዲያው ልቅር ብሎ ሲጀምር አቋረጠችው። እንዳይጠብቃት፣ በእሷ ምክንያት ራሱን እንዳያስር ነገረችው። ያን ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀም።

መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ከዚያ በየወሩ፤ ከዚያ ቀረ። እሷም እንዳትጠብቀኝ ያለችውን ሰው በምን አፏ ለምን ቀረህ ትበለው? ምሳዋን ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ፣ ጠረጴዛዋ ላይ መብላት ጀመረች።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን የቢሮው ኃላፊ ከሩቁ ቅርንጫፍ የመጣ ሪፖርት አስቀመጠላት። ከግርጌው የእሱ ፊርማ አለ። ደጋግማ አነበበችው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትዛነፍ ለማረም ብላ ትደውልለት ነበር። አልተዛነፈችም።

«ምን አለው?» አላት ኃላፊው ሲመለስ።

«ምንም የለውም» አለችው።

ምሽት ላይ ይህንኑ ለአባቷ ነገረቻቸው። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ደውዪለት» አሉ።

«ምን ብዬ፣ አባዬ?»

«ስሕተት ፈልጌ አጣሁ በይው።»

ደወለች። ያን ወረቀት ከመላኩ በፊት ስንት ጊዜ እንዳገላበጠው ነገራት፤ እሷ እንደምታነበው ያውቅ ነበር። ከዚያም፣

«ባለፈው ወር ቀለበት አሰርኩ» አላት።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለች።

ስልኩን ስትዘጋ አባቷ ምን እንዳላት ጠየቋት።

«በደንብ አስተምረሽኛል አለኝ» አለችና ብርድ ልብሳቸውን ልታስተካክል ጎንበስ አለች።

አባቷም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው መተንፈስ ጀመሩ። እንቅልፍ ግን አልወሰዳቸውም፤ እንደልቧ ታልቅስ ብለው ነው።